የሰፈር የእግር መንገድ በበጎ ፈቃድ ስትሠሩ፦ አፈር፣ ቀይ አሸዋ፣ ድንጋይ ወይስ ኮንክሪት?

ክረምቱ ሲወጣ በመሃል አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። ቀበና ወንዝ ዳር፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወጣው ዳገት ላይ። «ይቺን የእግር መንገድ እኛው ለምን አንሠራትም?» ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ወጣቱ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ እድሩ ያዋጣል፣ እናቶች ቡና ያፈላሉ። ከዚያ ክርክሩ ይጀምራል፦ ምን እናድርግበት? አንዱ ኮብልስቶን ይላል፣ አንዱ ኮንክሪት ካልሆነ አይዘልቅም ይላል፣ አንዱ ሲኖ ትራክ ጠርተን ቀይ አሸዋ እናስደፋ ይላል፣ ሌላው አፈሩን ደልደል አድርገን እንተወው ይላል። አራቱም በቦታው ልክ ነው። ያለ ቦታው ከሆነ ግን አራቱም በአንድ ክረምት ይበላሻል።

የማወራው በኮንትራክተር ስለሚሠራ መንገድ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ያሉት የእግር መንገዶች ያምራሉ፣ ግን ከኋላቸው በጀት፣ ማሽንና ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለ። የናንተ መንገድ ያለው ቅዳሜ ጠዋት የሚወጣ ሰውና ከጎረቤት የተለመነ ጋሪ ነው። ስለዚህ መመዘኛውም ይለያል።

ከሁሉ በፊት ወረዳችሁ ሄዳችሁ አስፈቅዱ። ወንዝ ዳር ያለ መሬት ለሌላ ልማት ታቅዶ ሊሆን ይችላል፤ ለፍታችሁ የሠራችሁት በሚቀጥለው ዓመት በዶዘር ሲገለበጥ ማየት የሰፈሩን ልጆች ሞራል ይሰብራል። ፈቃዱን በደብዳቤ ያዙ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ውሃ ይቀድማል። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። መንገዳችሁን የሚፈትነው የእነዚህ ሁለት ወራት ጎርፍ ነው። ማንም ሰው አንድ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሃው በየት ይወጣል?» የሚል ይሁን። ከቻላችሁ ሥራ ሳትጀምሩ በፊት ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላ ይዛችሁ ቦታው ላይ ቁሙና ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሰበሰብ እዩ። ከየትኛው ቤት ጣሪያ እንደሚወርድ ሳይቀር ይታያችኋል።

ሁለተኛው ተዳፋት ነው። ይህን በዓይን አትገምቱ፣ ዓይን ይሸውዳል። ሁለት ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሞራሌ ፈልጉ። አንዱን ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ውሃ ልክ ላዩ ላይ አድርጉና አረፋው መሃል እስኪገባ ድረስ የታችኛውን ጫፍ አንሱት። ከተነሳው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው፣ 40 ከሆነ 20 በመቶ ነው። መንገዱ የሚሄድበትን ሁሉ በየተወሰነ ርቀት እንዲህ እየለካችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከታች የማወራው ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። ከእንጦጦ ሥር ያለው የከተማው ክፍል ቀይ አፈር ይበዛበታል፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ ጥቁሩ መረሬ ይበዛል። መሃል ከተማው ላይ ሁለቱም አለ፣ ከሁለቱም የከፋው ደግሞ ከቤት ፍርስራሽ የተደፋው ሙሌት ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ካለ መረሬ ነው። ሙሌቱን በዲጂኖ ስትወጉት የብሎኬት ስባሪና ፌስታል ይወጣል።

አራተኛው ጥገና ነው፣ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ሲመረቅ ሁሉም ይመጣል፣ ፎቶም ይነሳል። በሁለተኛው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ቦይ የሚጠርግ ማነው? የሚመጣው ሰው አምስት ከሆነ፣ አምስት ሰው የሚጠግነውን ነገር ምረጡ።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው፦ ማን ይራመድበታል፣ ዕቃውስ እስከ ቦታው በምን ይደርሳል? ተማሪ፣ ሯጭ፣ ጀሪካን የተሸከመች ሴት፣ ምርኩዝ የያዙ አባት፣ እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት መሬት ይለያያል። መኪና የማይገባበት ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ ድንጋይ በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው።

አፈር ብቻ

ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ለበጎ ፈቃደኛ ቡድን መጀመሪያ የምመክረው ይሄን ነው። ገንዘብ አይፈልግም፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖና ሲባጎ ይበቃል። የሚፈልገው አቅጣጫ ማወቅ ነው።

ትልቁ ችግር ሰው አቋራጭ መውደዱ ነው። በዳገቱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ሁሌም የውሃ ቦይ ይሆናል፣ ምንም ብታነጥፉበት። መንገዱ ዳገቱን በጎን እየቆረጠ መውጣት አለበት። የዓለም የእግር መንገድ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ጥሩ መመሪያ አለ፦ የመንገዱ ተዳፋት ከዳገቱ ተዳፋት ግማሽ አይብለጥ፣ በአማካይ ደግሞ ከ10 በመቶ አይውጣ። ዳገቱ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ በላይ አይሁን ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ከላይ የሚወርደው ውሃ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል፣ በመንገዱ ርዝመት አይፈስም።

ስትቆርጡ ሙሉ ስፋቱን ከጠንካራው መሬት ቁረጡ። ከላይ ቆፍሮ አፈሩን ወደ ታች በኩል እየደፉ ማስፋት ያጓጓል፣ ሥራውንም በግማሽ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ያ የተደፋው ግማሽ በመጀመሪያው ነሐሴ ይናዳል። መንገዱ ወደ ታች በኩል ዘንበል ይበል፣ ለአንድ ሜትር ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በየተወሰነ ርቀትም መንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ከፍ እንዲል አድርጉ፤ ውሃ እዚያ ዝቅታ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይወጣል። ይህች ዝቅታ ከማንኛውም ቱቦ ትሻላለች፣ ምክንያቱም በቅጠልና በፌስታል አትደፈንም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አፈር በደንብ የሚጠቀጠቀው ሳይጨቀይም ሳይደርቅም እርጥበት ሲኖረው ነው፣ ለኛ ይህ ማለት ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት ነው። በየካቲት ከቆፈራችሁ አቧራ ነው የምትጠቀጥቁት። ጠርዙ ላይ ሰርዶ ትከሉ፣ ከአጠገቡ ነቅላችሁ ማምጣት ትችላላችሁ፣ ይይዛል። ቁልቁለቱ ከበረታ ቬቲቨር ሳር ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ አፈር ይዞ ያቆማል።

ጥገናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፦ ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅታዎቹን መጥረግ፣ መስከረም ላይ ደግሞ በታችኛው ጠርዝ የተጠራቀመውን አፈር ቆርጦ መጣል። ይህ ጠርዝ ትንሽ ነገር ይመስላል። ካልተቆረጠ ግን ውሃውን መንገዱ ላይ ያስቀረዋል፣ በሚቀጥለው ክረምት መሃሉ ቦይ ይሆናል።

የማይሆንበት ቦታ ግልጽ ነው፦ መረሬ፣ ሙሌት፣ በዳገቱ ጥበት የተነሳ ከ10 በመቶ በታች ማድረግ ያልተቻለበት ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ተማሪ በመቶዎች የሚያልፍበት መተላለፊያ። ሯጮች ግን ይህንኑ ይወዳሉ። ለጉልበት ይመቻል፣ ከአስፋልት ጋር አይወዳደርም።

ቀይ አሸዋና ገረጋንቲ

ሁለቱን ሰው ያምታታቸዋል። ቀይ አሸዋ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ነው፣ ቢሾፍቱ አካባቢ በብዛት አለ። ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃ አይሆንም፣ ግን ከእግር ሥር ይንከባለላል። ገረጋንቲ ደግሞ የጠጠርና የአፈር ቅልቅል ነው፣ ደቃቅ አፈር ስላለበት ሲጠቀጠቅ ይያያዛል። ለእግር መንገድ ከታች ገረጋንቲ ጠቅጥቆ ከላይ ስስ ቀይ አሸዋ ማድረግ ይሻላል፣ ቀይ አሸዋ ብቻውን ወፍራም አድርጎ መድፋት ግን አሸዋማ ወንዝ ላይ እንደመራመድ ያደክማል።

ሒሳቡን እንሥራው። 100 ሜትር ርዝመት፣ 1.20 ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሲኖ ትራክ ከዚያ በላይ ይጭናል፣ ስለዚህ በአንድ ምልልስ ያልቃል ብላችሁ ደስ ይላችኋል። መኪናው ግን የሚያራግፈው አስፋልቱ ዳር ነው። ከዚያ በኋላ 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 200 ጊዜ መመላለስ ይጠበቅባችኋል። ጋሪ የማይገባበት ከሆነ ደግሞ በባሬላ ነው፣ ለሁለት ሰው። ሃያ ሰው ካላችሁ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ስድስት ሰው ከሆናችሁ ክምሩ መንገድ ዳር ያድራል፣ ያደረ አሸዋ ደግሞ ይቀንሳል።

ይህ ምርጫ የሚያበራው ለጥ ባለ ወይም በትንሹ ባዘነበለ ጭቃማ ቦታ ላይ ነው። መረሬ ከሆነ የላይኛውን 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከዚያ ገረጋንቲውን ከአካባቢው መሬት ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፣ በሁለቱም ጎን ትንሽ ቦይ ይኑረው። ከ8 በመቶ በላይ በሆነ ቁልቁለት ላይ ግን አትድከሙ። ሐምሌ ላይ ጠጠሩ ታጥቦ ከታች ሰው በር ላይ ይቆለላል፣ ከጎረቤትም ያጣላል። በየሁለት በየሦስት ዓመቱም መጨመር እንዳለበት አስቡ።

ድንጋይ

እዚህ ሁለት የተለያየ ነገር አለ፣ ኮብልስቶንና የድንጋይ ደረጃ።

ኮብልስቶን ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በከተማችን ብዙ ወጣት የሠለጠነበት ሥራ ነው፤ ሰፈራችሁ ውስጥ እጁን ያፍታታበት ሰው አይጠፋም፣ ፈልጉት። ለሱ አንድ ቀን ከፍላችሁ ሌሎቻችሁ ብታቀብሉ ያዋጣል። በአንድ ካሬ ሜትር 80 ያህል ድንጋይ ይገባል። ጠርዙ በትልቅ ድንጋይ ወይም በኮንክሪት ካልታሰረ ከዳር ጀምሮ ይላቀቃል፣ ይህንን በየሰፈሩ ታዩታላችሁ። ጥሩ ጎኑ የወለቀውን መልሶ መትከል ማንም መቻሉ ነው። መጥፎው በዝናብና በጥላ ቦታ አረንጓዴ ነገር ይዞ ማንሸራተቱ ነው፣ በተለይ ጫማቸው ለስላሳ ለሆነ እናቶች። ሰው ለሚበዛበት፣ ከ12 በመቶ ለማይበልጥ ቦታ እመርጠዋለሁ።

የድንጋይ ደረጃ ደግሞ ለዳገት ምርጡ ነው። ከ15 በመቶ በላይ ሲሆንና መንገዱን ለማዞር ቦታ ሳይኖር ሌላው ሁሉ ይሸነፋል። የመሃል አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ነው፣ ቤትና አጥር ግራ ቀኝ ይዞታል።

ሥራው ትዕግስት ይፈልጋል። የደረጃው ቁመት 15 ሴንቲ ሜትር፣ መርገጫው 35 ይሁን። ሌላ ልኬት ካስፈለጋችሁ የቁመቱ እጥፍ ሲደመር መርገጫው ከ60 እስከ 65 መሃል እንዲሆን አስሉ፣ የሰው እርምጃ በዚያ ይመቸዋል። ሁሉም ደረጃ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ብቻ 20 ከሆነ ማታ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ከታች ጀምሩ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከኋላው ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚቀጥለው ይረፍበት፣ የላዩ ክብደት የታቹን ይይዘዋል። ካስቀመጣችሁ በኋላ በአራቱም ማዕዘን ላይ ቁሙበት። ከተነቃነቀ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ አውጡት። ሥሩ ጠጠር ጨምራችሁ እንደገና አስቀምጡት። «በኋላ ይረጋል» የሚል ሰው ይኖራል። አይረጋም፣ ይብስበታል።

60 በ35 በ20 የሆነ አንድ ድንጋይ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በወገብ አታንሱት። በዲጂኖ እያንከባለላችሁ፣ ካስፈለገም ለአራት ሰው በባሬላ። ጣት ከድንጋይ ሥር የሚገባበት ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ፣ ሌላው ይስማ።

የደረጃው ራስ ላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ግዴታ ነው። አለዚያ ደረጃው ፏፏቴ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ደግሞ በድንጋይ ወይም በቁጥቋጦ ዝጉት፤ ሰው ጎኑ ከቀለለው ደረጃውን ትቶ በጎን ይወርዳል፣ ያ ጎን በሁለት ዓመት ገደል ይሆናል።

የድንጋይ ወጪ እንደ ዕድላችሁ ነው። ቤት በፈረሰበት አካባቢ የመሠረት ድንጋይ በነፃ ሊገኝ ይችላል፣ ባለቤቱን ግን ጠይቁ። ከወንዙ ዳርቻ አትልቀሙ። ያ ድንጋይ ዳርቻውን የያዘው ነው።

የባህር ዛፍ ደረጃና ኮንክሪት

አጠና አግድሞ በችካል ይዞ አፈር መሙላት በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ርካሽም ነው። ለጊዜው ይሁን። ምስጥና እርጥበት በጥቂት ክረምት ይበሉታል፣ ልጡ ካልተላጠ ደግሞ ያንሸራትታል። አንዳንዱ የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፣ እባካችሁ ወንዝ አጠገብ ይህን አታድርጉ፣ ዘይቱ ታጥቦ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው። ወንዞቻችን ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት፣ ያንን ውሃ የሚጠቀም ገበሬና ከብት አለ።

ኮንክሪት ጥሩ የሚሆነው በአጭር ቦታ ነው፦ ከአስፋልቱ ወደ መንገዱ መግቢያ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት፣ ተዳፋቱ ከ8 በመቶ ያልበለጠ። ለሙሉ መንገድ ግን ሒሳቡ ከባድ ነው። የቅድሙ 100 ሜትር 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሲሆን፣ በሜትር ኩብ 3 ኩንታል ብንል 36 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል። ውሃውም በጀሪካን ነው የሚመጣው፣ ከተሞላም በኋላ ቢያንስ ለሳምንት ማጠጣት አለባችሁ። መረሬ ላይ ይሰነጠቃል። ውሃ ከሥሩ ከገባ አፈሩን ያወጣና ባዶ ላይ ያስቀረዋል፣ ያኔ ዶማ ይዞ የሚመጣ ሰው ምንም አይረዳም። ከሠራችሁት ፊቱን ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫሩት፣ እግር ይይዛል።

በአጭሩ በሰንጠረዥ

| ምርጫ | የሚችለው ተዳፋት | መረሬ ላይ | ወጪ | ጉልበት | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| አፈር ብቻ | እስከ 10 በመቶ | አይሆንም | መሣሪያ ብቻ | መካከለኛ | በዓመት ሁለቴ፣ ቀላል |
| ገረጋንቲና ቀይ አሸዋ | እስከ 8 በመቶ | ቆርጦ ከፍ ከተደረገ ይሆናል | መካከለኛ | ብዙ ማመላለስ | በየ2 እና 3 ዓመቱ መጨመር |
| ኮብልስቶን | እስከ 12 በመቶ | ከሥሩ ገረጋንቲ ካለ | ከፍተኛ | ባለሙያ ያስፈልጋል | የወለቀ መትከል |
| የድንጋይ ደረጃ | ከ15 በመቶ በላይ | መሠረቱ ከጠለቀ | ድንጋዩ ከተገኘ ዝቅተኛ | በጣም ከባድ | ትንሽ |
| የባህር ዛፍ ደረጃ | ከ15 በመቶ በላይ | ለጊዜው | ዝቅተኛ | ቀላል | ቶሎ ይቀየራል |
| ኮንክሪት | እስከ 8 በመቶ | ይሰነጠቃል | በጣም ከፍተኛ | ከባድ | በበጎ ፈቃደኛ አይጠገንም |

የናንተ ሁኔታ የቱ ነው?

ገንዘብ ከሌላችሁና ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ አፈሩን በትክክል ቁረጡ። ስለ ንጣፍ ከመከራከር በሞራሌውና በውሃ ልኩ አንድ ቅዳሜ አቅጣጫ ስታወጡ ብትውሉ ይሻላል።

ትንሽ የእድር መዋጮ ካለ መንገዱን ሁሉ አንድ ዓይነት ለማድረግ አትሞክሩ። ሰው ይህን አይቀበልም፣ «ወጥ ካልሆነ አያምርም» ይላል። ግን አንድ መንገድ ላይ ለጥ ያለው ጭቃማው ቦታ ገረጋንቲ፣ ዳገቱ የድንጋይ ደረጃ፣ የቀረው አፈር ቢሆን ገንዘቡ በጣም የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ብቻ ይውላል። ብዙ ቡድን ቢያደርገው የምመኘው ይህንን ነው።

አረጋውያን የሚበዙበት ሰፈር ከሆነ ደረጃ ከመሥራታችሁ በፊት መንገዱ ዞሮ መውጣት ይችል እንደሆነ ደግማችሁ እዩ። ካልቻለ የእጅ መደገፊያ አብራችሁ አቅዱ፣ የደረጃውንም ቁመት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር አውርዱት፣ በየአሥር ደረጃውም ማረፊያ ይኑር።

ድርጅት ወይም ባለሀብት «ኮንክሪቱን እኔ እችላለሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ፣ ግን መግቢያው ላይና ተሽከርካሪ ወንበር በሚያልፍበት አውሉት። በቀረው ገንዘብ ገረጋንቲና መሣሪያ ይግዛላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

መንገዱ ወንዙ አፋፍ ላይ ከሆነና ዳርቻው እየተናደ ከሆነ ከላይ ያሉት ሁሉ አያድኑም። ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ይፈልግ ይሆናል፣ ያ የመሐንዲስ ሥራ ነው። መንገዱን ወደ ውስጥ አርቁ፣ ወረዳውንም በጽሑፍ አሳውቁ።

ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለጥገና ለይታችሁ እድሩ ዘንድ አስቀምጡ። ሁለት ዶማ፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዲጂኖና አንድ ጋሪ የሰፈሩ ንብረት ይሁን። ቁልፉን ለመንገዱ ቅርብ የሆነ ቤት ስጡ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ያለውን የጠረጋ ቅዳሜ ደግሞ ዛሬውኑ የእድሩ መዝገብ ላይ አስመዝግቡ።